ገዥው መደብ ከመስኮቱ ሥር

አባዬ፣ ከእርስዎ በፊት ጉልበትዎን ሰላም ልበለው፤ ቤቱ ውስጥ ቀድሞ የሚያኮርፈው እሱ ነውና። እንዴት ሰነበተ? ደረጃ ሲወጡ አሁንም ይንቋቋል ወይስ የላክሁልዎ ቅባት አደብ አስገዛው? እርስዎስ እንዴት ከረሙ? እንቅልፍዎ፣ የምግብ ፍላጎትዎ፣ ያ ጠዋት ጠዋት የሚነሳብዎት ሳል እንዴት ነው? እንጨት ሲልጉ አፍንጫዎን እንዲሸፍኑ ቃል አስገብቼዎት ነበር፤ መፈጸምዎን በሌላ ወረቀት እማዬን በስውር ጠይቄያታለሁ፤ እሷ ደግሞ እንደሚያውቁት ውሸት አይሆንላትም። እማዬስ ዓይኗ እንዴት ነው? መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰክታ ቤቱን ሁሉ ማተራመሷን ተወች? ወንድሜ ከዚያ ከሚያነክስ መኪናው ጋር ታረቀ? አክስቴ፣ ታናሼ፣ ሁላችሁም ደህና ናችሁ? እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ወፍረሻል ይሉኛል። ናፍቆት ያከሳል ያለ ሰው ውሸቱን ነው።

ባለፈው ደብዳቤዎ አንድ ጥያቄ ጽፈው ሁለት ጊዜ አስምረውበታል። «ማኅበረሰብ ለምን ይለወጣል የሚባለውን ለማወቅ ትምህርት ቤት ምን ያስኬዳል? እኔን አይታይም ወይ? ፀጉሬ ጥቁር ነበር፤ ነጣ፤ አለቀ» ብለዋል። ነገሩ እውነት ነው፤ ግን ፈተና ላይ እንዲህ ብዬ ብጽፍ ዜሮ ነው የሚሰጡኝ። ስለዚህ ዛሬ የምማረውን ነገር አንድ በአንድ ልንገርዎትና ይፍረዱኝ። ከዚያ በኋላ ደግሞ በዚሁ ትምህርት ሰበብ ያለፈው ሳምንት የደረሰብኝን ጉድ እነግርዎታለሁ።

ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከላውንደሪው ወጥቼ ኮሌጅ እገባለሁ። ክፍላችን ጠባብ ነው፤ የወንበሮቹ እግር እኩል ስላልሆነ አንዱ ሲወዛወዝ ሁሉም ይወዛወዛል፤ እርስዎ ቢያዩት መላጊያዎን ይዘው ይገቡ ነበር። መምህራችን ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው። የኮታቸው መካከለኛ ቁልፍ ከወለቀ ሰንብቷል፤ ይህን ለሥራ ባልደረባዬ ለቁልፌ ብነግራት እንቅልፍ አጣች። ቁልፌ የምንላት በላውንደሪው የወለቀ ቁልፍ የምትተክለዋ ሴት ናት።

ማኅበረሰብ እንዴት እንደሚለወጥ ሊቃውንቱ አልተስማሙም አባዬ። አንዳንዶቹ ማኅበረሰብ እንደ ልጅ ነው ይላሉ፤ ይድሃል፣ ይቆማል፣ ይሮጣል፤ ከቀላሉ ወደ ውስብስቡ፣ ደረጃ በደረጃ ይወጣል እንጂ አይመለስም። ይህን ስሰማ ታናሼ ትዝ አለችኝ፤ ለእሷ ነገ የሚመጣ ነገር ሁሉ የግድ ከዛሬው ይበልጣል። ሌሎቹ ደግሞ የለም፣ ያብባል ይጠወልጋል፣ ተመልሶ ያብባል፣ ነገር ሁሉ ይዞራል ይላሉ። ይኼ እርስዎ ነዎት። ጠባብ ሱሪ ሲመጣ «ግድ የለም፣ ሰፊው ይመለሳል» ብለው አሮጌውን ሱሪ ሣጥን ውስጥ አልከተቱም ነበር? ሱሪውስ ተመልሶ ነበር፤ ወገብዎ አልመለስ አለ እንጂ።

እማዬ የሦስተኞቹ ወገን ናት። እነሱ ማኅበረሰብ እንደ ሰውነት ነው፣ አንዱ ክፍል ሲታወክ ሌላው እየተስተካከለ ሚዛኑን ይጠብቃል ባዮች ናቸው። እርስዎ ታመው የተኙ ጊዜ እማዬ ወንድሜን ወደ መጋዙ፣ ታናሼን ወደ ማጀት፣ ራሷን ወደ ደንበኛ አዙራ ቤቱን ምንም እንዳልሆነ አላስመሰለችውም? ወንድሜ ግን ይህን አይቀበልም፤ እሱ ያለው ከሌለው ጋር ካልተፋጨ ምንም ነገር አይነቃነቅም ከሚሉት ነው። መጽሐፉን ሳያነብ የተባለውን ነው የሚኖረው፣ በተለይ ትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆመው። ለውጥ ከጎረቤት ይቀዳል የሚሉም አሉ፤ ጎረቤት መጋረጃ በቀየረ በሳምንቱ የምትቀይረውን አክስቴን ሳያውቋት እንዴት ጻፉ ብዬ ገርሞኛል። እንግዲህ ይህን ያህል ርቄ መጥቼ የምማረው የእኛኑ ሳሎን ነው።

መምህራችን ለዓመቱ ማለፊያ የሚሆን ሥራ ሰጡን። እያንዳንዳችን የምናውቀውን አንድ ትንሽ የሰዎች ስብስብ ወስደን ምን እንደለወጠው መጻፍ አለብን፤ ሐሙስ ዕለትም ክፍሉ ፊት ቆመን እናቀርባለን። ያላቀረበ ዓመቱን ይደግማል አሉ። እኔ ላውንደሪውን መረጥሁ። ጣጣው ከዚህ ይጀምራል።

ላውንደሪያችን የሦስት ሆቴሎች አንሶላና ፎጣ፣ የመንገደኛም ኮትና ሸሚዝ ያጥባል። ስድስት ሴቶች ነን። ከበሩ ጀምሮ ግድግዳው ላይ ስድስት ሚስማሮች ተርታውን ተመትተዋል፤ በየሚስማሩ አንዳንድ ሽርጥ ይሰቀላል። ሽርጧን ከአንደኛው የምትሰቅል ሴት መስኮቱ ሥር ያለውን የመተኮሻ ጠረጴዛ ትይዛለች፣ የእረፍት ቀኗንም ቀድማ ትመርጣለች። ስድስተኛው የደረሳት ውሃ የሚያፈላው ቦይለር አጠገብ ቆማ ትቀቀላለች፣ ሰው መርጦ በተረፈው ቀን ታርፋለች። አንዷ ሥራ ስትለቅ ሁሉም አንዳንድ ሚስማር ወደ በሩ ይጠጋል። እኔ ከገባሁ አራት ዓመቴ ነው፤ የለቀቀ የለም፤ ስድስተኛው ላይ ነኝ።

አንደኛው ሚስማር የእትዬ እንፋሎት ነው። ስትናደድ በጥርሶቿ መሃል እንደ ካውያ ሽሽ ስለምትል ስሙን ያወጣላት ልብስ የሚያመላልሰው ሾፌራችን ነው። እኔን ደግሞ እሷ «መጨረሻዋ» አለችኝ። «መጨረሻዋ፣ ፎጣ አቀብዪኝ፤ መጨረሻዋ፣ በሩን ዝጊው» ስትል ይመሻል። ግን ክፉ እንዳትመስልዎት። ማክሰኞ ሥራ ስለሚቀል እንዲሁ ይለቁኛል፤ ሐሙስ ግን ሆቴሎቹ አንሶላቸውን ስለሚጠብቁ ተተኪ ሳይኖር ማንም አይወጣም። ሐሙስ ሐሙስ የእኔን ሥራ ደርባ የምትሠራልኝ እትዬ እንፋሎት ናት፤ እኔም የእሷን የእሑድ ጠዋት ፈረቃ እገባለሁ። ትምህርቴ በዚህች ሴት ጫንቃ ላይ ነው የተቀመጠው ቢባል ማጋነን አይደለም።

ከሦስት ሳምንት በፊት ባለቤቱ አንድ ትልቅ ማሽን አመጣ። የተጨማደደ አንሶላ በአንድ በኩል ይገባና ተተኩሶ በሌላው ይወጣል። መመሪያውን አንብቤ ያስነሳሁት እኔ ስለሆንሁ ማሽኑ የእኔ ሆነ። እትዬ እንፋሎት «እኔ ከብረት ጋር አልፎካከርም» ብላ ዞር ብላም አላየችው፤ ሐሙስ እኔ ስወጣ ድርሻዬን በእጇ ትተኩሰው ነበር። ሌሎቹ አራቱ ሴቶች አንሶላ ይዘው የመጨረሻዋን ሚስማር ባለቤት ቆመው መጠበቅ ጀመሩ። ከሊቃውንቱ መካከል መሣሪያ ይቀድማል፣ ልማድ እያነከሰ ይከተለዋል የሚሉ አሉ፤ እነሱን ባነበብሁ ቁጥር ልቤ አበጠ። እውነቱን ልንገርዎት አባዬ፣ ጽሑፉን የጻፍሁት ለትምህርት ብቻ አልነበረም። የአራት ዓመት የቦይለር ሙቀት አብሮ ጽፎታል።

በላውንደሪ የማይጣስ አንድ ሕግ አለ፤ ልብስ ውሃ ሳይገባ ኪሱ ይፈተሻል። የተገኘው ወረቀት የማን እንደሆነ እንዲለይ ደግሞ በምሳ ሰዓት ጮክ ተብሎ ይነበባል። የሐኪም ማዘዣ፣ የባቡር ቲኬት፣ አንድ ጊዜማ ቃል ሳይለወጥ ለሁለት ሴቶች የተጻፈ የፍቅር ደብዳቤ አግኝተናል። እኔ በቀን የስንቱን ኪስ የምበረብር ሴት፣ በእረፍት ላነበው ብዬ ጽሑፌን በሽርጤ ኪስ ከትቼ ረሳሁት። ሰኞ ደግሞ ሽርጦቻችን የሚታጠቡበት ቀን ነው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለችው እኔ ነኝ።

ወረቀቱን ያገኘችው ቁልፌ ናት። አንባቢያችን ሁልጊዜ ሾፌሩ ነው፤ ድምፁን እንደ ዜና አንባቢ ጠረግ አድርጎ «ገዥው መደብ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጦ ንጹሕ አየር ሲስብ፣ ተገዥው መደብ ከቦይለሩ አጠገብ ይቀቀላል» ብሎ ጀመረ። ሁሉም በሳቅ ፈነዳ። ቁልፌ ይኼ መቼም ሆቴል ያረፈ የፖለቲካ ሰው ነው አለች። እትዬ እንፋሎትም እየሳቀች፣ ሰውየው የቱ ሆቴል እንዳረፈ ይጠየቅና ይመለስለት፣ ሳይናገር ቢቀር ያመዋል አለች። የማን እንደሆነ ያወቅሁት እኔ ብቻ ነበርሁ። ሾፌሩ ቀጠለ፤ «በመሥሪያ ቤታችን ሽርጧን ከአንደኛው ሚስማር የምትሰቅለው ሴት ይህን ሥርዓት የምትጠብቀው ጥቅሟን ስለሚጠብቅላት ነው» ሲል ድምፁ እየቀጠነ ሄዶ ቆመ። ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ አልሁ። እትዬ እንፋሎት ሽሽ እንኳ አላለችም። ምሳ ዕቃዋን ከድና ተነስታ ወደ ጠረጴዛዋ ሄደች።

ማክሰኞ ጠዋት ዓይኔን በጨው አጥቤ ሐሙስን አስታወስኋት። በዚያ ላይ የዚህ ሳምንት ሐሙስ ከሌላው የባሰ ነበር፤ አንዱ ሆቴል ትልቅ ስብሰባ ስላለው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሦስት መቶ አንሶላ ይፈልጋል፣ ያ ሁሉ ደግሞ በእጅ አይሞከርም። ቀና ሳትል «ገዥ መደብ ለተገዥ ፈረቃ አይቀይርም» አለችኝ። ሾፌሩ ሳቁን ሊውጥ ሲል ሻዩ ትን አለው። እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ዓመቱን መድገሜ ሳያንስ፣ ሐሙስን ከነጠቀችኝ ትምህርቱም እዚያው ላይ ያበቃል። ከዚያ በላይ ግን ያሳመመኝ ሌላ ነው። ያን ቀን ሙሉ «መጨረሻዋ» ብላ አልጠራችኝም። ስድብ የመሰለኝ ስም ስታጣው እንዲህ የሚናፍቅ አይመስለኝም ነበር።

ረቡዕ ሌሎቹ ሳይገቡ ቀደም ብዬ ሄድሁና ይቅርታ ለመንኋት። ካውያዋን አቆመችና፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት የሚባለውን አውቃለሁ፣ ስለዚህ ቂሜን ልናገርና ይውጣልኝ አለች። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት፣ ላውንደሪው በአሁኑ ባለቤት አባት እጅ በነበረ ጊዜ፣ መስኮቱ ሥር የምትቀመጠው ወሬ የምታመላልስለት ሴት ነበረች። ማን ዘገየ፣ ማን አማህ፣ ማን ሳሙና ወሰደ የምትል አየር ታገኛለች፤ ዝም ያለች ትቀቀላለች። ጓደኛሞች ተፈራሩ። እትዬ እንፋሎት ያኔ ቦይለሩ አጠገብ ነበረች። አንድ ቀን ከቤቷ ስድስት ሚስማር ይዛ መጣችና በጫማዋ ተረከዝ እየቀጠቀጠች ግድግዳው ላይ መታቻቸው። ከዛሬ ጀምሮ ተራ የሚሰጠው ሥራ የገባንበት ቀን እንጂ ምላሳችን አይደለም አለች። ሰውየው ሚስማሩን ሊነቅል ሲመጣ ስድስቱም ሴቶች ካውያ አንነካም ብለው ሦስት ቀን ቆሙ። በአራተኛው ቀን እሺ አለ።

ይህን ስትጨርስ «እንግዲህ ያን ጊዜ እኔ ተገዥ ነበርሁ። ገዥ የሆንሁት መቼ ነው? ቀኑን ንገሪኝና እኔም ልወቀው» አለችኝ። ቀጠለችና፣ ሚስማሩን የመታሁት ነገረኛ እንዳይቀድም ነው እንጂ አንቺ አራት ዓመት እንድትቀቀዪ ብዬ አልነበረም፣ ግን አንቺም አልተናገርሽ፣ እኔም አልጠየቅሁ፣ ወረቀት ስትጽፊ እንኳ አልጠየቅሽኝም አለች። አንጀቴን በላችው አባዬ። ስድስት ዓይነት ንድፈ ሐሳብ ሸምድጄ፣ ሁለት ክንድ ርቃኝ የቆመችውን ሴት አንድ ጥያቄ አልጠየቅሁም።

የመጀመሪያውን ጽሑፍ ቀደድሁት። በምሳ ሰዓትና ሐሙስ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር አዲስ ጻፍሁ። ቂሟ ወጥቶላት ኖሮ እትዬ እንፋሎት ሐሙስ ረፋድ ላይ ሽርጧን ጠበቅ አድርጋ አሠረችና ማሽኑ ፊት ሄዳ ቆመች። ነይ አስነሺኝ ብሎ የሚጠብቅ ብረት እንዲህ ሲያዩት ምንም አይደል እያለች የሚያቆመውን ቁልፍ እንዳሳያት አዘዘችኝ፤ ማስነሻውን ሌላ ጊዜ እማራለሁ፣ ዋናው ማቆሙ ነው አለች። የመጀመሪያውን አንሶላ አጣማ ከተተችው፤ የአንድ ጆሮ ቅርጽ ይዞ ወጣ። ማሽኑን ሰደበችው። ሁለተኛው ተሻለ። አምስተኛውን ስታወጣ እጇን ከላይ ሄድ መለስ አድርጋ፣ ይኼ ከእኔ ያላነሰ ይተኩሳል ብላ አመነች። ከዚያም አንቺ ምን ትጠብቂያለሽ፣ ሂጂ እንጂ ብላ ገፋችኝ።

ክፍሉ ፊት ስቆም ጉልበቴ ከእርስዎ ጉልበት የባሰ ይንቋቋ ነበር። ሊቃውንቱ ያሉትን አንድ በአንድ ተናገርሁና የሚስማሩን ታሪክ አስከተልሁ። ዛሬ አሮጌ ልማድ ያልሁት ነገር ትናንት ሰዎች ሦስት ቀን የቆሙለት አመፅ ነበር፤ አመፁ አሸነፈና ልማድ ሆነ፤ ልማድ ሲሆን ለምን እንደመጣ የሚጠይቀው ጠፋ፤ ማሽኑ ሲመጣ ደግሞ ጥያቄው ተመልሶ መጣ አልሁ። ስለዚህ ደረጃ ነው የሚለውም፣ ይዞራል የሚለውም፣ በጠብ ነው የሚለውም በየተራቸው ልክ ናቸው፣ ግን ሰውየው ካልተጠየቀ ማንኛቸውም አያዩም ብዬ ጨረስሁ። ተማሪው ስለ አንሶላው ጆሮ ሲስቅ መምህራችን አልሳቁም። መነጽራቸውን አውልቀው ይህን ታሪክ ከየት አመጣሽው አሉኝ። ከእትዬ እንፋሎት አልሁ። እሳቸውም፣ መጽሐፍ ስንጠቅስ የጸሐፊውን ስም አንጽፍም ወይ፣ የዚህችን ሴት ስም ከነአባቷ ጽፈሽ ካላስገባሽ አልቀበልሽም አሉኝ። እስክሪብቶ አነሳሁ። «እትዬ» ብዬ ጽፌ ቆምሁ። አራት ዓመት አብሬያት ስሠራ፣ ሐሙሴን ስትሸከምልኝ፣ የዚያችን ሴት ስም አላውቀውም አባዬ። በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርሁበት ቀን የለም።

ስመለስ ሦስት መቶው አንሶላ ታጥፎ ተጭኖ ሾፌሩ ሊወጣ ሞተር አስነስቷል። እትዬ እንፋሎት በላብ ተጠምቃ ተቀምጣለች። አላቅማማሁም፤ ስምሽን አላውቀውም፣ ንገሪኝ፣ የትምህርቱ ወረቀት ላይ መጻፍ አለበት አልኋት። መጀመሪያ የምቀልድባት መሰላት። ከዚያ ቀስ ብላ የራሷን፣ ቀጥላ የአባቷን፣ ያልጠየቅኋትን የእናቷንም ጨምራ ነገረችኝ። ሦስቱንም ጻፍኋቸው። ለእርስዎ እዚህ ላይ አልጽፈውም፤ ፈቃዷን ገና አልጠየቅኋትም፣ አሁን ደግሞ መጠየቅ ለምጃለሁ። በማግስቱ ለመምህራችን አስገባሁ። አለፍሁ አባዬ፤ ሐሙሴም የእኔው ነው፤ በጥሩ ውጤት አልፌያለሁ፤ ለወንድሜም ለአክስቴም ጮክ ብለው ያንብቡላቸው።

ግን ይህን ሁሉ የጻፍሁልዎት ለዚህ አይደለም። ስሟን ጽፌ ስጨርስ እትዬ እንፋሎት ወረቀቱን ተቀብላ አየችው፤ ጣቷን ከፊደሉ ሥር ሄድ አደረገችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ ድምፅዋን እንደ ሌላ ጊዜ ሳታጎላ፣ እንደ ማፈር እያለች «ለመሆኑ የአንቺስ ስም ማን ነው?» አለችኝ። እርስዎ ያወጡልኝን ስም ነገርኋት። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝና በዚያው ስም ጠርታ፣ ነይ ቁጭ በይ፣ ደክሞሻል አለችኝ።

እንግዲህ ሰላምታዬን ይከፋፍሉልኝ። እማዬን ሁለቱንም ጉንጮቿን ይሳሙልኝ። ወንድሜን መኪናውን ይሽጠው ወይም ያግባው፣ አንዱን ይምረጥ ይበሉልኝ። አክስቴ ስለ መጋረጃው የጻፍሁት ቀልድ ነው፣ አትቀየመኝ። ታናሼ የራሷን ደብዳቤ ትጻፍልኝ፣ በእርስዎ ደብዳቤ ጠርዝ ላይ መሞነጫጨሩን ትተወው። ለጎረቤቶቻችን ሁሉ፣ ጠዋት ጠዋት እንጨት ለሚያስልግዎት ለዚያ ችኩል ደንበኛዎ ሳይቀር፣ ሰላም ይበሉልኝ። ለእርስዎ ደግሞ ጉልበትዎን አቅፌ እስመዋለሁ። እንዲህ ርቄ ሳለሁ ሰው በስሜ ሲጠራኝ፣ የጠሩኝ እርስዎ ይመስለኛል።

የእርስዎው ልጅ

ከላውንደሪው፣ ማሽኑ አጠገብ
እሑድ ጠዋት፣ ወሩ በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን